ሦስተኛው አንገት

ብረት አይዋሽም፤ የሚዋሽ ካለ ብረቱን የሰማው ሰው ነው። ይህች አባባል የጋራዡ ነች። ማን እንደጀመራት አይታወቅም፤ ግን አዲስ ሠራተኛ በገባ ቁጥር ከቱታው ጋር አብራ ትሰጠዋለች።

በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ከጣሪያው ብረት በወረደ ሰንሰለት ላይ የአንድ ትልቅ አውቶብስ ክራንክ ሻፍት ተንጠልጥሎ ነበር። ክራንክ ሻፍት ለማያውቀው ሰው መኪና የገጨው ምሰሶ ይመስላል፤ እዚህ ይታጠፋል፣ እዚያ ይመለሳል፣ እንደገና ይታጠፋል። ግን ሞተርን ሞተር የሚያደርገው እሱ ነው። ፒስተኖቹ ቀኑን ሙሉ ወደ ላይና ወደ ታች ሲሉ፣ ያንን መዝለል ተቀብሎ ወደ ዙር የሚለውጠው፣ ጎማውንም የሚያዞረው እሱ ነው። የሚሽከረከርባቸው እንደ መስታወት የተወለወሉ ክብ ክብ ቦታዎች አሉት፤ ሠራተኛው «አንገት» ይላቸዋል። የጋራዡ ሞራጅ ሴት ነች፤ ሥራዋ እነዚያን አንገቶች ከፀጉር በቀጠነ ልክ መሞረድ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሠርታበታለች።

በትንሿ መዶሻ ጫፉን መታ አደረገችው።

ጤነኛ ክራንክ ሲመቱት ይዘምራል። ድምፁ ረጅም ነው፤ መዶሻው ከተቀመጠ በኋላ እንኳ አየር ላይ ይቆያል። ይሄኛው ግን «ድም» አለና ዝም አለ፤ ወሬ ጀምሮ ሚስቱን በር ላይ እንዳየ ሰው።

«ምን አለሽ፣ ጆሮ?» አለ ዕቃ አጣቢው፣ ከናፍታ ገንዳው ቀና ብሎ። ሽበቱን በዘይት ያጠቆረ አሮጌ ቀልደኛ ነው። «ጆሮ» የሚለውን ስም ያወጣላት እሱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በጋራዡ ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ ወረቀቱ ብቻ ነው።

«ምንም አላለኝም።»

«እንግዲያው ወንድ ነው።»

አልሳቀችም። ደግማ መታችው። «ድም።» አውርዳ በነጭ ጋዝ አጠበችው፣ በጨርቅ አድርቃ ጠረገችው፣ ጠመኔ አድቅቃ እንደ ዱቄት ነፋችበት፤ ከዚያም በሩ ላይ ፀሐይ ወዳለበት አስጠግታ፣ አንድ ሻይ የሚጠጣበትን ያህል ጊዜ ዝም ብላ ጠበቀች። ብረት ስንጥቅ ካለው ነጭ ጋዙ እዚያ ውስጥ ይደበቃል፤ ደበቅ ብሎ ግን አይቀርም፣ ትንሽ ቆይቶ ይወጣል፤ ሲወጣም ጠመኔው ያጋልጠዋል። በሦስተኛው አንገት ጥግ፣ ክቡ ከትከሻው በሚገናኝበት ቦታ፣ አንዲት እርጥብ መስመር ብቅ አለች። የጣት ጥፍር ታክላለች። ከዚያ በላይ አልነበረችም፤ ከዚያ በላይ መሆንም አያስፈልጋትም።

አለቃው እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። ቀጠሮ የያዘ ሰው ነበር፤ ይህ አንዳንዴ ከክፋት ይብሳል። የአውቶብሱ ባለቤት አሥራ አንድ አውቶብስ አለው፤ አሥራ አንዱንም የሚያሠራው እዚህ ነው፤ ይህ አንዱ ደግሞ ለረቡዕ እኩለ ቀን ተቀጥሮለታል።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ዱቄት? ዳቦ ቤት ነው እንዴ?»

«ሦስተኛው አንገት ተሰንጥቋል፣ አለቃ። ይመልከቱት።»

አለቃው ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። ረጅም ጊዜ ተመለከተ፤ ስለዚህ አይቶታል። ከዚያ ከኪሱ ጨርቅ አወጣና ዓይኑን በጨው አጥቦ ጠመኔውን ጠረገው።

«የቱ ጋ?»

አጣቢው ገንዳው ውስጥ ያለውን ዕቃ ማንኳኳቱን አቆመ።

«ከጠረጉትማ አይታይም» አለች ሞራጇ።

«የማይታይ ነገር የለም ማለት ነው። ድምፁ የሰንሰለቱ ነው። አዲስ ክራንክ በመርከብ ሦስት ወር ነው የሚፈጀው፤ ሰውዬውን ሦስት ወር ጠብቅ ልበለው?»

«ይሄ አውቶብስ ዳገት ነው የሚሠራው። ክራንኩ ከተሰበረ ሞተሩ ይቆማል። ሞተሩ ከቆመ የፍሬኑ አየር ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ገደል ነው።»

«እኔ ሹፌሩ አይደለሁም።»

«እኔም አይደለሁም። ምልክቴ ግን አብሮ ይሄዳል።»

እዚህ ላይ የምልክቱን ነገር መናገር ያስፈልጋል፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከሱ ነውና። ከብዙ ዓመት በፊት አለቃው አንድ ሕግ አውጥቶ ነበር፦ ማንም የሞረደውን ክራንክ በመጨረሻው ጉንጭ፣ በጫፉ ጠፍጣፋ ጎን ላይ፣ የራሱን ምልክት ሳይመታበት ከጋራዡ አያስወጣም። ቢሰበር ማን እንደሞረደው ይታወቅ ብሎ፣ ሠራተኛውን ለማስፈራራት ነው ያወጣው። አንዱ ኮከብ አስቀረጸ፣ አንዱ ቁልፍ። እሷ ከአሮጌ ሞረድ ራሷ በቀረጸችው መምቻ አንዲት የተጣመመች በትር ትመታለች፤ ሁለት ጊዜ የታጠፈች፣ ከስንዴ ቅንጣት የማትበልጥ። እየዋለ ሲያድር ግን ሹፌሮቹ ምልክቶቹን መለየት ጀመሩ። «ኮከቡን አልፈልግም፣ በትሯን አምጡልኝ» ማለት መጣ። ማስፈራሪያው ዞሮ መተማመኛ ሆነ። የአሥራ አንዱ አውቶብስ ባለቤትም ከሁሉ የባሰ ነበር፤ በትሯ የሌለችበትን ክራንክ በእጁ አይነካም። አለቃው ባጠመደው ወጥመድ ገብቶ፣ አሁን በአንዲት ሴት መሳቢያ ውስጥ ባለች ጣት በማታክል ብረት ታስሯል።

«እንግዲህ ስሚኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ነገ እኩለ ቀን ሰውዬው ይመጣል። አልሞርድም ካልሽ ተይው፣ ጠዋት እኔው እሞርደዋለሁ። አንቺ ምልክትሽን ብቻ ትመቺበታለሽ። እሱንም እምቢ ካልሽ ቱታሽን መስቀያው ላይ፣ መምቻሽን ጠረጴዛዬ ላይ ትተሽ ትሄጃለሽ። መምቻው የተሠራበት ብረት የጋራዡ ነው።»

እሷ ከሄደች መምቻውን የሚመታው ማን እንደሆነ አልጠየቀችም። ጅል አይደለችም።

ቀኑን ሙሉ ሌላ ሥራ ሠራች። ወደ ቤት ስትወጣ መምቻውን ከመሳቢያው አውጥታ ኪሷ ከተተችው። አጣቢው አይቷታል፤ ጀርባውን ሰጥቶ ማፏጨት ጀመረ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ።

አባቷ የሚኖረው ከጋራዡ ሁለት ፌርማታ ርቆ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። የፊተኛው ክፍል የሽመና ዕቃው ነው፤ የኋለኛው የቀረው ኑሮ ነው። ሽማግሌው መስኮቱ ሥር ተቀምጦ፣ የከሰዓት በኋላዋ ብርሃን እስክትሸሽ ድረስ ትርፍ ክር እየለየ ያጠነጥናል። ከጀመረው ጨርቅ ላይ ሁለት ክንድ ያህል ብቻ ነበር የተሠራው። ባለፈው ሳምንትም ሁለት ክንድ ነበር።

ወንድሟ መሬት ላይ በመጽሐፍ ሳጥን መሃል ተቀምጧል። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሩቅ አገር ሄዶ የቃላትን ታሪክ ሲማር ኖሮ፣ ትምህርቱን ይጨርስ አይጨርስ ለማንም በግልጽ ሳይናገር ከሦስት ወር በፊት ተመልሷል። ሳጥኑን ሦስት ጊዜ አራግፎ ሦስት ጊዜ መልሶ አሽጎታል። እንደገና ይሄዳል ብለው ሲጠብቁት አይሄድም፤ ተቀመጠ ብለው ሲያስቡ ሳጥኑን ያሽጋል።

«ሲሄድ ‹ነው› እያለ ሄደ፣ ሲመለስ ‹ይመስለኛል› እያለ መጣ» ይላል ሽማግሌው ለጎረቤት። «ያን ሁሉ ዓመት የተማረው ይህችን አንዲት ቃል ነው።»

ሞራጇ ግንቡን ተደግፋ ጫማዋን ሳታወልቅ የሆነውን ነገረቻቸው። ነገሩን ከጠመኔው እስከ ጨርቁ፣ ከጨርቁ እስከ ነገ እኩለ ቀን ድረስ ሳትጨምር ሳትቀንስ ተናገረች። ስትጨርስ መምቻውን አውጥታ በመዳፏ ላይ አንከባለለችው።

ወንድሟ መምቻውን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ አስጠጋው። ምልክቷን ከዚህ በፊት ቀርቦ አይቷት አያውቅም።

«እታለም፣ ይህችን በትር ከየት አመጣሻት?»

«ከዚህ ቤት ነዋ። ልጅ ሆኜ ማጠንጠኛውን የማዞረው እኔ አልነበርኩም? አንተ እኮ ስትደርስ ‹ያጥናልኝ› ተብለህ ቀርተሃል። የማጠንጠኛው እጀታ ናት። መጀመሪያ ቀን ሞተር ሲከፈት አይቼ ‹ይሄንንማ አውቀዋለሁ› አልኩ። ትልቅ መሆኑ እንጂ ያው እጀታው ነው፤ እጅ ወደ ላይ ወደ ታች ሲል፣ እሱ ይዞራል። ምን ሆንክ?»

ወንድሟ ቀና ብሎ ነበር። ከመጣ ወዲህ ፊቱ ሲፈካ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው።

«ክራንክ የሚለው ቃል ራሱ ከዚህ ነው የመጣው» አለ። «ማለቴ... ይመስለኛል። በእንግሊዝኛ ከሺህ ዓመት ግድም በፊት ሞተር የሚባል ነገር ማንም ሳያልም፣ የአንድ ርስት አስተዳዳሪ ማሟላት የሚገባው የዕቃ ዝርዝር ተጽፏል። ማረሻ አለ፣ መጥረቢያ አለ፣ የሽመና ዕቃም ተራ በተራ ተዘርዝሯል። ከዚያ ውስጥ አንዱ ‹ክራንክስታፍ› ነው። ስታፍ በትር ነው፣ ክራንክ የታጠፈ። የሸማኔ ዕቃ ነው።»

«ምን የሚሠራበት ዕቃ?» አለ ሽማግሌው። ክሩን አስቀምጧል።

«አይታወቅም፣ አባባ።»

«እንዴት አይታወቅም?»

«ዝርዝሩ ስሙን ብቻ ነው የሚለው። ‹የሸማኔ ዕቃ› ብለው ያልፉታል ሁሉም።»

ሽማግሌው ወደ ልጁ፣ ከዚያ ወደ ሳጥኑ ተመለከተ። «ያ ሁሉ መጽሐፍ አንዲት በትር ጠፋችበት?» አለ። ከዚያ ጉልበቱን ይዞ ተነሣና ጥግ ካለው ማጠንጠኛ ላይ እጀታውን ነቅሎ አመጣው። ሁለት ጊዜ የታጠፈ፣ እጅ የበዛበት ቦታው እንደ አጥንት ያበራ እንጨት ነው። በልጁ ጭን ላይ ጣለለት። «ይኸውልህ። ጻፍላቸው።»

«አባባ፣ ያኔ እንዲህ ያለ ማጠንጠኛ ኖሮ እንደሆነ...»

«ታዲያ ክሩ በራሱ ፈቃድ ይጠቀለል ነበር?»

«ሌላ ሊሆን ይችላል ነው የምለው። ድር መሳቢያ ሊሆን ይችላል፣ መወጠሪያ...»

«መጽሐፉን የጻፈው ሰውዬ ሸምኖ ያውቃል?»

«አያውቅም ይሆናል።»

«እኔ ሃምሳ ዓመት ሸምኛለሁ። በሽመና ውስጥ በትር ማጣመም የሚያስፈልገው አንድ ቦታ ነው። ሌላው ሁሉ ቀጥ ማለት አለበት፤ ካልቀና ጨርቁ ይስቅብሃል። ‹አይታወቅም› ሳይሆን ‹አልጠየቅንም› በላቸው።»

ወንድሟ ተሸንፎ ሳቀ። ግን ልማዱ ነውና ዝም አላለም። «ሥሩ ደግሞ ሌላ ነገር አለው» አለ እጀታውን እያገላበጠ። «ከአንድ ጥንታዊ ግሥ ይገናኛል ይላሉ። መታጠፍ፣ መኮማተር፣ እጅ መስጠት። በጦር ሜዳ ተመትቶ ለወደቀ ሰው ይሉት ነበር።»

ሞራጇ ግንቡን ለቀቀች።

«ማለት ስሙ ‹ተሸናፊ› ነው?»

«እንደዚያ አላልኩም። የታጠፈ ነገር ሁሉ በዚያ ዘመን ዓይን...»

«አንተ ክራንክ ይዘህ ታውቃለህ? ስልሳ፣ ሰባ ኪሎ ነው። ስድስት ፒስተን በደቂቃ ሺህ ጊዜ ይደበድበዋል፤ አንድ ሚሊሜትር አይሰጥም። ከሰጠ ክራንክ አይደለም፣ ቁራጭ ብረት ነው። የተጣመመው ሲሠራ ነው እንጂ ሲመታ አይደለም። ሂድና ያንንም ጻፍላቸው።»

ከዚያ እሷው ቁጭ አለች፤ ቁጣው ለወንድሟ እንዳልሆነ ሦስቱም ያውቁታል።

«ምን ላድርግ፣ አባባ?» አለች። «ብመታው ሥራዬ ላይ እቆያለሁ። ስድስት ወር ሊሄድ ይችላል፣ ዓመትም ሊሄድ ይችላል። ምናልባት ከመሰበሩ በፊት አውቶብሱ ያረጅ ይሆናል። ባልመታው ያው እሱ ይመታዋል፤ መምቻው ባይኖረው እንኳ ሌላ ያስቀርጻል።»

ሽማግሌው ወደ ሽመናው ዕቃ ሄዶ፣ የተሠራውን ሁለት ክንድ ጨርቅ ዳር በጣቱ ነካ። በዳሩ ላይ ሦስት ቀይ ክር አለ። ያ የሱ ምልክት ነው፤ ድሮ ሰው ጨርቅ ሲገዛ ከመዘርጋቱ በፊት ዳሩን ገልጦ ሦስቱን ቀይ ክር ይፈልግ ነበር።

«ይህ ለምን እንደማይሸጥ ታውቂያለሽ?» አለ።

«ፋብሪካው ነዋ። ርካሽ ነው።»

«እንደዚያ ነው የነገርኳችሁ።» ጀርባውን ሰጥቷቸው ነው የሚያወራው። «አንድ ነጋዴ ነበር። ከፋብሪካ የወጣ አርባ አልጋ ልብስ አመጣልኝ። ‹አንተ ዳሩን ብቻ ሥራልኝ፣ ሦስቱን ቀይ ክር ብቻ አስገባልኝ› አለኝ። ሦስት ሌሊት አልፈጀብኝም። ሰዉ የእኔ እጅ መስሎት ገዛ። አንድ ክረምት ታጥቦ ወንፊት ሆነ። ማንም መጥቶ አልሰደበኝም። እንዲያው ዳሩን መግለጥ ተዉ።»

«መቼ ነው ይሄ?» አለ ወንድሟ።

ሽማግሌው የጨርቁን ዳር በጣቱ አስተካከለ።

«አባባ፣ መቼ ነው?»

«አንተ የሄድክ ዓመት።»

ወንድሟ እጀታውን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠው፤ እንደሚሰበር ዕቃ። የአውሮፕላኑ ቲኬት ከየት እንደመጣ ሃያ ዓመት ሙሉ ጠይቆ አያውቅም። አሁንም አልጠየቀም።

«በልጄ አልተጸጸትኩም» አለ ሽማግሌው፣ ዞር ብሎ። «ሊቆጨኝ የሚገባው ሌላ ነበር። ክሩን ሳስገባ ትንሽ አበላሽቼ ማስገባት እችል ነበር። አጠማምሜ፣ ‹ይህ የኔ አይደለም› እንዲል አድርጌ። እጄ ግን እንደ ለመደው አሳምሮ ሠራው። አሳምሮ።»

ከዚያ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ብርሃኗ ስለሸሸች ክሩን መለየት አልቻለም፣ ግን ጣቶቹ መፈለጋቸውን አልተዉም። ሞራጇ መምቻዋን ኪሷ ከተተች። ከዚያ በኋላ የተወራው ስለ ሌላ ነገር ነበር።

ረቡዕ ወንድሟ ሳትጠራው ተከተላት። «ክራንኩን ላየው ነው» አለ። «ሕይወቴን ሙሉ ቃሉን ይዤ፣ ዕቃውን አይቼው አላውቅም።»

«እጅህን ኪስህ ውስጥ አድርግ» አለችው። «ምንም አትንካ፣ ምንም አታስረዳ።»

አለቃው ቃሉን ጠብቋል፤ ማለዳ ገብቶ ራሱ ሞርዶታል። ድሮ ጎበዝ ሞራጅ ነበርና አበላሸው ማለት አይቻልም። ክራንኩ በሁለት የእንጨት መቀመጫ ላይ ተጋድሞ ነበር፤ አንገቶቹ ሁሉ መስኮቱን፣ መብራቱን፣ ጎንበስ ያለውን ሰው ሁሉ መልሰው ያሳያሉ። የሦስተኛው አንገት ጥግ እንኳ ተወልውሏል። ስንጥቋ እዚያ ነች፤ ተቀብራለች እንጂ አልሄደችም። በመሞረድ የሚሄድ ስንጥቅ ላይኛው ነው፤ ይሄ ግን ወደ ሥር የወረደ ነበር።

የአሥራ አንዱ አውቶብስ ባለቤት በቀጠሮው ደረሰ። ራሱ ሹፌር የነበረ ሰው ነው፤ ሲራመድ ቀኝ እግሩን እስካሁን ፍሬን እንደሚፈልግ አድርጎ ያነሣል። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ወደ ክራንኩ መጨረሻ ሄዶ በአውራ ጣቱ ጉንጩን ዳሰሰ።

«በትሯ የታለች?»

«አሁን ትመታለች፤ እርስዎ እያዩ ይሁን ብለን ነው» አለ አለቃው። ፈገግታው ከጥርሱ አላለፈም። «ነይ እንጂ፣ ጆሮ። ጋሼ ቸኩለዋል።»

በጋራዡ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሥራ ያለው መስሎ ቀረብ አለ። አጣቢው ከገንዳው ወጥቶ እጁን እየጠረገ ቆመ፤ የሚጠርገው እጁ ግን ደረቅ ነበር።

«ማነው የሞረደው?» ብላ ጠየቀች ሞራጇ።

«ጋራዡ ነው የሞረደው» አለ አለቃው።

«ጋሼ» አለች ወደ ባለቤቱ ዞራ፣ «እኔ አልሞረድኩትም። ከመሞረዱም በፊት...»

አለቃው ከአፏ ነጠቀ። «የሴት ቂም ነው፣ ጋሼ፤ ትናንት ትንሽ ተጋጭተን ነበር። ቤተሰብ ነን፣ ይጋጫል ሰው። ምልክቷን ትመታለች፣ ያልቃል። ምልክቷን አይደል የሚፈልጉት?»

ባለቤቱ አንዴ ወደ እሱ፣ አንዴ ወደ እሷ ተመለከተ። ዳገቱ ላይ ነገ የሚሳፈረውን ሰው ሳይሆን፣ ዛሬ የቆመውን አውቶብስ እያሰበ መሆኑ ከፊቱ ይነበባል። «ምልክቷ ካለበት እወስደዋለሁ» አለ። «ከሌለበት አልወስድም። ሌላውን ነገር እናንተ ታውቃላችሁ።»

እንግዲህ እንዲህ ነው፤ የሰው እምነት ጥሩ ነገር ነው፣ ግን አንዳንዴ ሰነፍ ያደርጋል። ይህን ያህል ያመናት ሰው፣ አፏን ሳይሆን ምልክቷን ብቻ ነበር የሚሰማው።

ሞራጇ መምቻውን ከኪሷ አወጣች። መዶሻዋን ከመደርደሪያው አነሣች። አለቃው ትንፋሹን ለቀቀ፤ ሁሉም ሰማው። ወንድሟ እጁን ከኪሱ አወጣ።

ወደ ክራንኩ መጨረሻ አልሄደችም። መሃል ላይ ቆመች። መምቻውን በሦስተኛው አንገት ላይ፣ በተወለወለው መስታወት ላይ፣ ስንጥቋ የተቀበረችበት ጥግ አጠገብ ቀጥ አድርጋ ተከለችው።

«እዚያ አይደለም...» አለ አለቃው።

መታችው። ሁለተኛ መታችው። ሦስተኛ መታችው። አንገት ላይ የተመታ ምልክት ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ክፍል ውስጥ የማያውቅ ሰው ወንድሟ ብቻ ነበር፤ እሱም ከሌሎቹ ፊት አነበበው። ምልክቷ ብረቱን ወግታ ዳር ዳሩን ከንፈር አስወጥታለች፤ ያንን አንገት የሚያቅፈው ብሮንዝ የሚሉት ለስላሳ ቀለበት አንድ ዙር ሳይጨርስ ይላጣል። ያ ክራንክ ከዚህ በኋላ አውቶብስ አይደለም መጥረጊያ አያዞርም።

መዶሻውን መልሳ በቦታው አስቀመጠች።

«ምልክቴን ፈልጋችሁ ነበር» አለች። «እኔ እዚህ ላይ ነው የምፈርመው። አልሞረድኩትም፤ ይሄኛውን ግን በእኔ ስም መዝግቡልኝ።»

አለቃው ፊቱ ከቀይ ወደ አመድ ሄደ። «ምን እንዳደረግሽ ታውቂያለሽ?» አለ ቀስ ብሎ፤ እሱ ሲጮኽ ሳይሆን ቀስ ሲል ነው የሚያስፈራው። «የሰው ንብረት ነው ያበላሸሽው። በዚህ ከተማ ውስጥ ማንም ጋራዥ በር ላይ እንዳትቆሚ አደርጋለሁ።»

«ያድርጉ።»

«መምቻውን አምጪ። የጋራዡ ብረት ነው።»

«እውነት ነው፣ አሮጌ ሞረድ ነበር፤ ጥለውት ነው ያነሣሁት።» መምቻውን ኪሷ ከተተች። «አዲስ ሞረድ ገዝቼ እመልስልዎታለሁ። በሱ ምን ቅርጽ እንደሚያስቀርጹ እርስዎ ይወስኑ።»

ቱታዋን አውልቃ መስቀያው ላይ ሰቀለችው። ከሥር የለበሰችው የቤት ልብሷን ነው፤ አሥራ አራት ዓመት አብረዋት የሠሩት ሰዎች እንግዳ እንዳዩ ዓይናቸውን ሰበሩ። ባለቤቱ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ተቆጥቶ ይሁን ሊጠይቅ ፈልጎ፣ እሱም የለየለት አይመስልም። ጎንበስ ብሎ ሦስተኛውን አንገት ተመለከተ። በትሯን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤ ከዚያ ጣቱ ከበትሯ አልፎ ወደ ጥጉ ሄደና እዚያ ቆመ።

«ለምን እዚህ ጋ መታችው?» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

አጣቢው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ነጭ ጋዝና ጠመኔ አለን፣ ጋሼ» አለ። «ሰንሰለትም አለ። ጊዜ ካለዎት።»

«አንተ ዝም በል» አለ አለቃው።

«ሠላሳ ዓመት ዝም ብያለሁ። ዕቃው እኮ እስካሁን ቆሻሻ ነው።»

ሞራጇ ይህን ከጀርባዋ ነው የሰማችው። በሩን አልፋ ወደ ጎዳናው ወጥታለች። ፀሐይዋ ከበደቻት፤ በዚህ ሰዓት ውጭ ቆማ አታውቅም። ወንድሟ ሮጥ ብሎ ደረሰባት።

«እታለም፣ ሊያንጠለጥሉት ነው። አናይም?»

«እኔ ትናንት አይቻለሁ።»

«አዎ፣ ግን... እነሱ ሲያዩ። እውነቱ ያንቺ እንደሆነ ሲያዩ።»

«እነሱ ሲያዩ ምን ይጨምርልኛል? ስንጥቁ ዛሬ አልጀመረም።»

መንገዳቸውን ቀጠሉ። የጎማ ሱቁን አለፉ፣ የባትሪ ሠሪውን በር አለፉ። እሷ እርምጃዋን አልቀነሰችም፤ እሱ ግን በየሁለት እርምጃው ዘወር ይላል፤ ይህን ልማዱን ከሩቅ አገር ነው ያመጣው፣ የሄደበትም የተወውም እኩል ይስበዋል። ኪሷ ውስጥ መምቻዋን በጣቷ ይዛለች። ነገ የት እንደምትሞርድ አታውቅም። የአባቷ የፊት ክፍል ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ሁለት ማሽን አይችልም፣ አንድ ትንሽ ግን ይችል ይሆናል። ሽማግሌው እምቢ ይል ይሆናል፤ ሞተር ቤቴ አይገባም ሲል ኖሯል። እጀታውን ታሳየዋለች።

ከኋላቸው የሰንሰለት መንኳኳት መጣ፤ ከባድ ነገር እየተነሣ ነው። ወንድሟ ቆመ። ከዚያ መዶሻው መታ።

«ድም።»

«ምን አለ?» ብሎ ጠየቃት፣ እያወቀ።

ሞራጇ አልቆመችም፣ ዞራም አላየችም።

«የቃል ሰው አንተ ነህ» አለችው። «ስማዋ።»